የመሃል ሰው

ጋሽ እንድሪስ ከሽምብጥ ዳር፣ ማለዳ ተነሥተው፣
የጥርሳቸውን ስባሪ በወረቀት ቋጥረው፣
መጡ። ሠላሳ ዓመት ደንገል አስረዋል፤
የገመዱን አንድ ጫፍ ረግጠው፣ ሌላውን ነክሰው፣
ታንኳው እስኪያቃስት ድረስ።
ሰኞ ዕለት ግን ገመዱ ጸና፤ ጥርሱ ተበጠሰ።

«ይኼ ጭቃ» አሉኝ፣ ጥጥ እንደ ጎረሱ፣
«ምንድን ነው? ደግሞስ በምን ይያዛል እርስ በእርሱ?»

ብርጭቆ ነው፣ አልኳቸው፣ ከዱቄት የላመ፣
በሙጫ ተለውሶ፣ በሰማያዊ ብርሃን የታተመ።
ግን ሁለቱ አይዋደዱም። ብርጭቆ ውሃ ይወዳል፣
ሙጫ ውሃ ባየ ቁጥር እንደ ድመት ይሸሻል።
አንድ ቤት ቢያስገቧቸው ጀርባ ተሰጣጥተው ያድራሉ፤
አጥንት የነከሱ ዕለት በመሃላቸው ይሰነጠቃሉ።

ስለዚህ የመሃል ሰው አለ፤ ሲሌን ነው ስሙ።
ሁለት እጅ ብቻ ነው መላ ዐቅሙ፤
ባንዱ ብርጭቆውን ይጨብጣል፣
ባንዱ ሙጫው ውስጥ ገብቶ ይጠላለፋል፤
ከልስልሱ የተቀበለውን ሸክም ለጠንካራው ያደርሳል።
አደራ የበላ ቀን፣ ጥርሱ ይፈርሳል።

ይህን በወሬ አልሰማሁትም።
ሁለት ክረምት ሙሉ ከመጭመቂያው ፊት ተቀምጬ፣
የክብሪት እንጨት ግማሽ የምታህል ዘንግ
በሁለት እግር አስተኝቼ፣ ወገቧን ተጭኜ፣
ስልሳ ጊዜ ሰብሬ፣ ስልሳ ጊዜ ጽፌያለሁ።
ሲሌን ያልነካቸው ገና ሲጫኗቸው ቀጭ አሉ፤
ስብራታቸውን በማጉያ ሳይ፣ ፍሬው ራቁቱን ቆሟል፣
በዓባይ መውጫ እንደታጠበ ጠጠር።
ሲሌን የጠገቡት ደግሞ፣ እነሱ ይበልጣሉ ብዬ ነበር፣
ከልከኞቹ ቀድመው ተሰበሩ፤
ሽማግሌ በዝቶ እርስ በርሱ ሲጨዋወት፣
ባለጉዳዮቹ ሳይታረቁ አደሩ።

ጋሽ እንድሪስ ሳቁ፣ ጥጡን እንደያዙ።
«ገመድም ያው ነው፤ ካነሰ ታንኳ ይበተናል፤
ከበዛ፣ ገመድ ትጭኛለሽ እንጂ ዓሣ አትጭኚም፣ ልጄ።»

ያልነገርኳቸው አለ።
ከዘንጎቹ ግማሹን ውሃ ውስጥ፣ በሰው ገላ ሙቀት፣
ዓመት አሳድሬ ነበር። ጎበዞቹም ሳይቀሩ ደከሙ።
ውሃ አይቸኩልም፤ በብርጭቆው በኩል ይመጣና
ያቺን እጅ ጣት በጣት ይፈታታል።
ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ዳር ወጥቶ ይቆማል፣ ፀሐይ ይሞቃል፤
አፍ ግን ዳር የለውም።

«ስንት ዘመን ይቆይልኛል?»
እንደ አያያዝዎ ነው፣ አልኳቸው። ገመድ አይንከሱበት።
«እሺ» አሉ፤ መስታወቱን ተቀብለው
አዲሱን ጥርስ ብዙ አዩት።

ቅዳሜ በሐይቁ ዳር ሳልፍ፣ ደንገል ዘርግተው አየኋቸው፤
አንዱን ጫፍ ረግጠው፣ ሌላውን በግራ በኩል፣ በመንጋጋቸው፤
የእኔን ጥርስ አሳርፈው፣ አጎንብሰው ይስባሉ።
አላዩኝም። ቆሜ ጠበቅሁ፣
ገመዱ እስኪያቃስት፣
ጥርሴን ነክሼ።