የጤና አዳም መደብ

ከአጥሩ ሥር የተረፈው ያ አሮጌ በረዶ
እንደ ሳሙና ቁራጭ ሳስቶ፣ ተጎድጉዶ፣
መጋቢት ሲያበቃ ወደ አፈሩ ገባ፤
የጥድ ቅርንጫፉን ገፈፍሁ እንደ ካባ።
ጤና አዳሜ ከሥሩ፣ ግማሿ አረንጓዴ፣
ግማሿን ውርጭ በልቷት። «አለሽ?» አልኋት፣ «እንዴ!»

ናናው ግን ሌላ ነው፤ ናናው ድንበር ገፊ፣
በአፈር ውስጥ ተጓዥ፣ ዱካውን አጥፊ።
ዐምና ባልዲ ውስጥ አስሬ ቀበርሁት፤
ዛሬ ከጦስኙ ደጅ ቆሞ አገኘሁት።
ዳኛ ሳልጠራበት ከሥሩ ነቀልሁት፣
ማታ ግን አዘንሁና ሻይ ላይ ጨመርሁት።

ሰኔ ላይ እንስላሉ ትከሻዬን ይበልጣል፤
ቫይዶታስ፣ ጎረቤቴ፣ እስከ አጥሩ ይመጣል።
«ለኪያር መጣያ አንድ እፍኝ» ይላል።
የእሱ እፍኝ ክንድ ያክላል።

አንድ ቀን በቀትር፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ፣
ጤና አዳሙን ከረከምሁ የእናቴን ምክር ጥዬ፤
በነጋታው ክንዴ ውኃ ቋጥሮ ነደደ፣
ቡናማው ጠባሳ እስከ መኸር አልሄደ።
«ከፀሐይ ጋር ስትሆን ታቃጥላለች» ብላኝ ነበር።
እኔ ደግሞ ስለ ወንድ የምታወራ መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ኡግኔ፣ የወንድሜ ልጅ፣ መጣች፤
ሻንጣዋን ሳታኖር ወደ ጓሮ ወጣች።
በእኛ በሊትዌንያ ሙሽራ የጤና አዳም አክሊል ትደፋለች፤
ያላገባችዋ ደግሞ መደቡን ትጠብቃለች።
ሕጉን የጻፈው የለም። እኔ አርባ ዓመት ጠበቅሁት።
«ስንት ቀንበጥ ይበቃል?» አለችኝ። «ሠላሳ»፣
አልኋት፣ «ለራስሽ ልክ»። መቀሱን ሳነሣ
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ልብ በሉ።
«ምስኪን ዳንጉዎሌ» ይላሉ፤ ይበሉ።
አዳሙ ቀረብኝ፤ ጤናው ግን ቀረልኝ፣
በስድሳ ሰባቴ ጉልበቴ ደረጃ ወጣልኝ።
(ለኡግኔ ግን ነገርኋት፦ ፀሐይ ላይ አትያዣት።)

በሶብላው የሞቀ አገር ልጅ፣ ውርጭ አልለመደም፤
አንድ ሌሊት ብቻ። ንጋቱን አልወደደም፣
ጥቁር እራፊ ሆኖ እግሬ ሥር ተኛ።
ጦስኙን በሲባጎ ከምድጃው በላይ ስሰቅል
ድመቷ አየችኝ፣ ዝም ብላ፣ እንደ ዳኛ።

ኅዳር ላይ ቫይዶታስ፣ ጥድ ተሸክሞ፣
ደጄን አንኳኳ፤ ባርኔጣው ላይ በረዶ ቆሞ።
ከብብቱ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ኪያር አወጣ፤
«የራስሽ እንስላል ነው» አለ፤ ሌላ ቃል ሳያወጣ
ተንበርክኮ መደቡን አለበሰ። ከጥጉ ጀመረ፣
ጤና አዳሟን በሁለት እጁ፣ ቀስ ብሎ፣ ከፀሐይም ከውርጭም ሰወረ።
ለምን ዘንድሮ፣ ብዬ አልጠየቅሁም።

አሁን ሁሉም ነጭ ነው። መደቡ የት እንዳለ
የምናውቅ ሁለት ነን።
ከታች ግን ናናው፣ ያ ድንበር ገፊ፣ አይተኛም፤
በጨለማው አፈር፣ በጣት በጣት፣
ወደ ቫይዶታስ አጥር እየሄደ ነው።
አውቃለሁ።
ዘንድሮ ባልዲውን አልቀበርሁም።