ለማን ነው የነገርነው?

ክረምቱ ገብቶ ነው፣ አዌቱ ሲደፈርስ፣
ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ፣
መንቲና መንደር ውስጥ፣ እኔ ፀጉር ቤት፣
መብራት ድርግም አለ፣ መሃል ጭንቅላት።
ማሽኔ አንዴ አጉረምርሞ ዝም አለ፤
የሚፍታህ ጭንቅላት ለሁለት ተከፈለ፤
ቀኙ ሜዳ ሆኖ ግራው ጫካ አበቀለ።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ በቆሎ ይዘራል፤
ደጅ የቆመ ሁሉ ወደ ውስጥ ይጋፋል።
ጨለማ ውስጥ መቼም ሰው ዝም ማለት አይችል፤
ወይ መንግሥትን ያማል፣ ወይ ይጠያየቃል።
እኛ ጠየቅን።

ጋሽ ዘውገ፣ ጡረታ የወጣው ቀያሽ፣ ጀመረ፦
«ወለልህ ጎርባጣ፣ ሲሚንቶው ወልጋዳ፤
አራት እግር ወንበር ሲዋልል እንደ ሰካራም እንግዳ፣
ይቺ በርጩማ ግን አንድ እግር ጎድሏት
ማነው ቀጥ አድርጎ መቆም ያስተማራት?»
ራሱ መለሰው፤ ስለ ነጥብ አወራ፤
«ሦስቱ አይጣሉም፤ አራተኛው ነው ጠብ የሚዘራ።»
«አራተኛ ልጅ ነኝ» አለ ሚፍታህ፣
«እናቴም እንደዚሁ ትል ነበር።»

እኔም ሃያ ሁለት ዓመት መስታወት ፊት ቆሜ
የምጠይቀው አለኝ፣ በቀንም በሕልሜ፦
ቀኜን በግራዬ እንዲህ ከቀየረ፣
ራሴን ወደ እግሬ ማውረድ ለምን አፈረ?
ለደንበኛ ሁሉ ነግሬ አውቃለሁ፤ የሚከራከረኝ የለም።
ምላጭ የያዘ ሰው የተናገረውን
«ልክ ነህ» ብሎ ማለፍ ይሻላል መሰለኝ።

ነኢማ ከነሳህኗ በሩን ተደግፋ፣
ኦቾሎኒዋን በላስቲክ ሸፋፍና አቅፋ፣
«ማዛጋት ለምን ይጋባል?» አለች። ወዲያው አዛጋች።
ጋሽ ዘውገ ተቀበላት፣ ሚፍታህ ደገመ፤
ብታገልም የኔም መንጋጋ ከነሱ አደመ።
እሷ ግን ጥያቄ አላለቀባትም፦
«ሽቦ ላይ ያለች ወፍ ለምን አይነዝራትም?
የሻማ ነበልባል ለምን ጥላ የለውም?
የጠፋው መብራት አሁን የት ነው ያለው?
ይሄ ሁሉ ጨለማስ፣ በርቶ ሳለ የት ነበር?»

«አስተማሪሽን ጠይቂያ!» አልናት።
«ጠየቅሁት፤ ‹ፈተና ላይ አይመጣም› አለኝ።»

ጥጉ ላይ፣ ኦቦ ሻፊ፣ ጎማ ጠጋኙ፣
ይኼን ያህል ጊዜ ድምፁ አልተሰማም ነበር።
ጥቁር መዳፉን በጥቁር መዳፉ እያሸ፣
«ዘኪያ ካረፈች ይሄው አራተኛ ወሯ፤
አልጋው ሙሉ የኔ ነው፣ መሃሉም፣ የሷም ዳሯ፤
እኔ ግን ሌሊቱን ጠርዝ ይዤ አድራለሁ።
ልወድቅ እየደረስኩ ለማን ቦታ እለቃለሁ?»

ለዚህ ነጥብ አልተገኘ፤ ጋሽ ዘውገም አልቆጠረበት።
ዝናቡ ብቻውን ጥቂት አወራበት።
ነኢማ አንድ እፍኝ ዘግና መዳፉ ላይ አኖረች፤
ዋጋ አልጠራችም፤ «የተፈለፈለ ነው» ብቻ አለች።

ድንገት ብልጭ! ማሽኔ ከጠረጴዛው ዘለለ፤
«መጣ!» አለ ሚፍታህ፣ ጎረቤት «መጣ!» አለ፤
ከአጂፕ እስከ ቆጪ ከተማው ተቀባበለ።
ኦቦ ሻፊም ብሏል፤
ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ አይቼዋለሁ።

ነኢማ ዓይኗን ከብርሃኑ እየከለለች
አንድ በአንድ አየችን፦
«ሁላችንም እዚሁ ነን፤ ሁላችንም አየነው።
ታዲያ ‹መጣ!› ብለን ለማን ነው የነገርነው?»

የመለሰ የለም። ዝናቡም አባራ።
እኔ የሚፍታህን ጫካ ልመነጥር ጀመርኩ፣ በግራ፤
መስታወቱ ግን፣ እንደ ልማዱ፣
ቀኝ ነው ይላል።