ከበሩ ጀርባ ያለችው አማት

ማዘጋጃ አዳራሽ፣ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ፣
ፎቶው በጥቁር ጥብጣብ መድረኩ ላይ ወጥቶ፣
ተናጋሪው ሁሉ በተራ ተነሣ፤
ስለ መርዕድ ዝምታ ብዙ ቃል ተወሳ።
«አንድ ባዶ ወንበር ሦስት ደቂቃ ሙሉ
አሳይቶ ያስለቀሰን!» ሲሉ፣
እኔ ከኋላ ነኝ፣ መውጫው ጋ ቆሜ፣
የኮቴን ኪስ ዳበስኩ፣ ደጋግሜ፣ ደጋግሜ።

ኪሴ ውስጥ አማት አለች።

ድሮ ነው። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጓሮ፣
በጥልያን ዘመን ሕንጻ ሥር፣ የእንቁላል ካርቶን ተደርድሮ፣
በፍራሽ የታፈነች አንዲት ክፍል ነበረች፣
ክረምቱን ስታፈስ የምታድር፣ በስሟ ብቻ የከበረች፦
ስቱዲዮ።

አንድ የጥልያን ኮሜዲ በእንጨት ሳጥን መጣ፤
ሙሴ ቫሩዣን «አማርኛ ይናገር» አለ፣ «ሕዝብ እንዲመጣ።»
ሙሽራው፣ ቄሱ፣ ፖሊሱ ለተዋንያን ታደሉ፤
እኔ ድስት ክዳን እጥላለሁ፣ በር አንኳኳለሁ። ፊልሙን ሙሉ
መልኳ የማይታይ አንዲት አማት አለች፤
ሙሽራው ባንኳኳ ቁጥር ከበር ጀርባ «ማነው?» ትላለች፣
እሱም አበባውን ጥሎ ይሮጣል።

ለአማቷ የተቀጠረችው ሴትዮ ቀረች።
ጉንፋን ነው አሉ፤ ጠብ ነው አሉ።
ጥግ ላይ ሽቦ የሚጠቀልል ቀጭን ልጅ ነበር፣
ከእሪ በከንቱ የመጣ፣ ከሰው የማይከራከር።
«አንተ፣ ና ቁም!»
መርዕድ ጉሮሮውን ጠረገ። አከራዩን አሰበ መሰለኝ፣
ወይዘሮ አፀደን፣ ሲያመሽ መቀርቀሪያ ይዛ የምትጠብቀውን።

«ማ-ነ-ው እሱ?!»

ከፍራሹ ግድግዳ አንዲት አሮጊት ወጣች፣
ሻሿን ጠበቅ አርጋ ያሰረች፣ በዓለም ሁሉ የተቆጣች።
ከላይ ያለው ፀጉር ቆራጭ መቀሱን አቆመ።

ሦስተኛው «ማነው» ላይ ክዳኑ አመለጠኝ።
መርዕድ ደነገጠና ሳቀ፤
ጎማው እንደላላ ጋሪ የሚደነቃቀፍ፣ ዐሥራ አንድ ሰከንድ።
«ይደገም» አልን። «ክር ውድ ነው» አለ ሙሴ፣ «ይሂድ።»

ሄደ። ከፊት አግዳሚ እስከ ላይ ሰገነት
ሕዝቡ ቀልዱን ትቶ በዚያ ሳቅ ሳቀ፣ ሰባት ሳምንት።
ስሙ ግን አልተጻፈም። ሰባት ብር ተከፈለው፤
ሦስቱን አበደረኝ። ለጫማ ነው አልኩት። ለቢራ ነው።

ከዚያማ ታላቅ ሰው ሆነ። ዋንጫ በዋንጫ።
ሬዲዮ ሲጠይቀው እንኳ በጽሑፍ ነው የሚመልስ።
አንድ ቀን ቸርችል ቁልቁለት ላይ «ማነው እሱ?» ብለው
ግራ ቀኙን አይቶ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አኖረው።
አልፎኝ ሲሄድ ግን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሐዘንተኛው ሲበተን ልጁን ሕሊናን ጠበቅኳት።
«ፎቶ አለኝ» አለች፣ «ደብዳቤ አለኝ። ድምፁ ግን የለኝም፤
በስልክም ‹እሺ፣ እሺ፣ ቻው› ነበር።»

ፒያሳ ወረድን። ስቱዲዮው አፈር ሆኗል፣
ዙሪያው ቆርቆሮ ቆሟል፤
ከቆርቆሮው ማዶ ሬዲዮ መጠገኛዬ ለጊዜው ተርፋለች።
ማጫወቻውን ሰካሁት። መብራት ጠፋ። ቁጭ ብለን ጠበቅን።
መጣ።
ክሩ ተንሻጠጠ፣ እንደ ሽማግሌ አሳለ፤

«ማ-ነ-ው እሱ?!»

አልመለሰችም። ጆሮዋን አስጠጋች።
ሁለተኛው። ሦስተኛው። ያ ሞኝ ክዳኔ ወደቀ፣
የሞተው ሰውዬ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ሳቀ።

«የኔ ሳቅ ነው» አለች ቀስ ብላ።
«ሰው ፊት አፌን ይዤ ነው የኖርኩት፤
ከማን እንዳመጣሁት የነገረኝ የለም።»

ምን ይባላል? ኪሴን ፈተሽኩ።
ሦስት ባለ አንድ ብር ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ፤
«የሱ ናት» አልኳት፣ «አርባ ስምንት ዓመት ሆናት።»
በጣቷ እየገፋች ቆጠረቻት።
ወገቧን ያዘች፣
«ወለዱስ?!» አለች፣
በዚያው፣ ከበር ጀርባ በሚመጣው ድምፅ።