ሰኞ ሰኞ

ሰኞ ሰኞ ነበር፣ ገበያው ሲቆም፣
አንማው የሚመጣው፣ በቅሎው ስታዘግም፣
ከፈረስ ቤት ጣቢያ፣ ከአግዳሚዬ ላይ፣
ጨርቁን እየፈታ፣ ቅልጥሙን ሊያሳይ።
ባሕር ዛፍ ሲፈልጥ፣ ምሣር የበላው ነው።

ሦስት ወር አጠብሁት፤ ፋሻ አለበስሁት፤
«ለውጥ አለው» እያልሁ፣ በመዝገብ ጻፍሁት።
ሰኞ የጠገገው፣ አፉን መልሶ ከፍቶ፣
ሰኞ ይጠብቀኛል፣ እንደገና ሸትቶ።
ስኳር ይሆን ብዬ፣ ደሙን መረመርሁ፤
ደሙ ንጹሕ ሆኖ፣ እኔው አፈርሁ።

«የት ነው የምትተኛ?» አልሁት አንድ ማለዳ፤
«ከጥጃዋ ጋራ» አለኝ፣ «እዚያ ከጓዳ።»

ማክሰኞ ዳገቱን፣ በጭጋግ መካከል፣
ወጣሁት፣ ፋሻዬን ይዤ በፌስታል።

መስኮቷን ለብርዱ፣ ወትፈዋት በጆንያ፣
መደቡ ከጥጉ፣ ከጥጃዋ ወዲያ፣
ወለሉ ደረቅ አፈር፣ ሲጠረግ የሚጨስ፣
ከእግሩ የሚያርፍ፣ ከቁስሉ የሚደርስ።
ትሁኔ ምንጭ ወርዳ፣ ቀኑ እስኪጋመስ፣
እንስራዋን አዝላ፣ ስትመለስ፣
ግማሹ ለሊጡ፣ ሩቡ ለእንስሳ፣
ለእግሩ የሚተርፈው፣ አንዲት ጎዶሎ ጣሳ።

የባሰኝ ግን፣ አቧራው አይደለም፤
ሰሐኑ ለብቻ ነው፤ አብሮት የሚበላ የለም።
«ሰው የራቀው በሽታው ነው» ይላሉ በጎን፤
ፊደሉ አንድ ነው፤ ሕመም ይሁን ጠረን
የሚያነብ ይፍታው።

ለካስ እኔ የማክመው፣ አንዲት ሰዓት ኖሯል፤
የቀረውን ሳምንት፣ ቤቱ ያቆስለዋል።

ፋሻዬን ሳልፈታ
ጆንያዋን ሳብሁ።
ብርሃን ገባ፤ አንማው ዓይኑን በእጁ ጋረደ።
ወንድሙ ልየው፣ ጥጃዋን ነዳ ወሰደ፤
አህያውን አውሶ፣ በጀሪካን ውኃ አስቀዳ።
ትሁኔ ወለሉን በጭቃ ለቀለቀች፣ ከደጅ እስከ ጓዳ፤
ያሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ በድስት ቀቀለች፤
«የጨርቅ ወጥ ሠራሽ?» አላት፤
ሣቀች።
በዚያ ቤት ሣቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ እሑድ ልየው መጣ፤ እጁን ታጠበና
ከዚያች ሰሐን ጎረሰ።
ምንም አላለም።

ቁስሉ አልጠፋም ገና፤ የጥፍር ያህል ቀርቷል።
ሰኔ ገብቷል፤ ጭቃው ከደጁ ደርሷል።
«ብርዱንስ?» አለችኝ ትሁኔ፣ ወደ መስኮቷ እያየች።
ምን ልበላት?
«ፀሐይ ስትወጣ ክፈቱ፤ ሲመሽ ዝጉ» አልሁ፤
ፀሐይ በሰኔ መቼ እንደምትወጣ ሳላውቅ።

ሰኞ፣ መዝገቤ ላይ፣
«የታዘዘ መድኃኒት» ከሚለው ጎን ጻፍሁ፦
መስኮት። አንድ ጀሪካን ውኃ። የልየው ጉርሻ።

ኃላፊዬ ሰረዘው፤
በቀይ።