አፈር ይቅለለው

ቪያርሳ በምትባል፣ ባራጎን ኮረብታ፣
ሰባት ሰው ተሰብስቧል፣ ሐሙስ ወደ ማታ።
እኔ ጥግ ተቀምጬ፣ እርሳሴን እስላለሁ፣
የሁሉንም አሳብ፣ በተራ እጽፋለሁ፤
ደመወዜም ለዚህ ነው፦ ለመስማት፣ ላለመናገር፣
የራሴን ብጠየቅ፣ ነበረኝ አንድ ነገር።

አጀንዳው አንድ ብቻ፦ ካሮጌው ወፍጮ ጀርባ፣
ዘጠኝ ሰው ያለበት፣ የተደፈነ ጉድባ፤
አንድ የነሐሴ ሌሊት፣ በርስ በርሱ ጦርነት፣
ካልጋ እየተነሱ፣ ተነድተው የገቡበት።
ከላዩ የወይራ ዛፍ።
ትነቀል? ይቆፈር?
ወይስ እንዳለ ይቅር?

መድኃኒት ሻጩ ሊቦሪዮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፦
"የዳነን ቁስል ማን ይልጣል፣ በጥፍሩ ፈልጎ?
የገዳይ የልጅ ልጅ፣ ከሟች የልጅ ልጅ፣
ባንድ ወንበር ይማራል፣ ሲወጣም እጅ ለእጅ።
እኛ ጠላትነትን፣ ባካፋ እናውርሰው?
አፈር ይቅለላቸው! ያረፈን አናምሰው።"

መምህርቷ ኦብዱሊያ፣ ብድግ አለች ቆማ፦
"ቁስሉ ዳነ የሚል፣ ሕመሙን ሳይሰማ?
እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ በር ቆልፋ አታውቅም፤
አባቷን 'ወጣ' እንጂ፣ 'ሞተ' ብላ አታውቅም።
ለገዳይ ጎዳናውን፣ በስሙ ሰይመን፣
ሟቹ ጋ ስንደርስ፣ ቦታው ጠበበን?"

ከዚያ ሁሉም ተነሳ። እኔም ጻፍኩኝ፦ "ጩኸት።"

ኤውፍራሲያ መጣች፣ የዛፏ ባለቤት።
ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማይክሮፎኑን ገፋችው።

"ዛፏን አባቴ ነው፣ በሌሊት የተከላት፤
ሊሸሽግ ይሁን ሊጠቁም፣ እኔ እንጃ፣ አልጠየቅኩት።
ከገዳዮቹ ጋር ፋኖስ ይዞ ነበር የምትሉ አላችሁ፤
ጎህ ሲቀድ ብቻውን አለቀሰ የምትሉም አላችሁ።
ሁላችሁም ታውቁታላችሁ!
እኔ ልጁ ነኝ የማላውቀው።
የማውቀው ይህን ነው፦ ሃያ ሰባት ዛፍ ነበረን፤
ከሃያ ስድስቱ ለቀምን፣ ከሷ ግን ከለከለን።
ፍሬዋ መሬት ወርዶ፣ ወፍ ለቅሞት ያልቃል፤
አባቴ ባጠገቧ፣ ሲያልፍ ቆቡን ያወልቃል።
ከዚህ በላይ አላውቅም። ቆፍሩት።" አለችና፣
ተቀመጠች እንደገና።

አራት ለሦስት ሆነ።

መጋቢት ላይ መጡ። ኢቻሶ የተባለች፣
አፈሩን በቡሩሽ፣ ባፏ እፍ እያለች፣
ሦስት ቀን ስትጠርግ፣ ዛፏ ተነቀለች።
ሥሯ የጎን አጥንት፣ እንደ እጅ ጣት አቅፎ፤
ማንኪያ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የሸራ ጫማ ታጥፎ።
ዘጠኝ ሲባል የኖረው፣ ሲቆጠር አሥር ሆነ፤
አሥረኛውን "የኔ ነው" የሚል፣ ጠፋና ባከነ።
ሊቦሪዮን ካጥሩ ማዶ፣ አንድ ምሽት አየሁት፤
የሚቆጥር ይመስላል። ሳልኩ። ሄደ።

እኔን ከጠየቃችሁ (ማንም አልጠየቀኝም)፣
"አፈር ይቅለለው" ስንል፣ ስናለቅስም፣ ስንሸኝም፣
ቃሉን እንጂ አፈሩን፣ መዝነነው አናውቅም።
ለካ አፈር የሚቀለው፣ ባካፋ ሲነሳ ነው፤
ለካ ደግሞ የተነሳው፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ይከብዳል፤
ይኸው ኤውፍራሲያ ደጅ፣ ክምር ሆኖ ይታያል።
ይቆፈር ባይ ነበርኩ፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ፤
ክምሩን ግን ሳልፈው፣ ወገቤን ያመኛል።

ትናንት ቢሮ ስገባ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ብልቃጥ፤
ሳይረግፍ የቀረው ፍሬዋ፣ በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ።
የላከችው ስሟን አልጻፈችም፤ መጻፍም አያስፈልጋት።
ክዳኑን አልከፈትኩም፤
መጣልም አልሆነልኝ።
ለመጪው ሐሙስ ስብሰባ፣ "አጀንዳ ሁለት፦ ወይራው" ብዬ ጽፌ
መልሼ ሰረዝኩት።