አራተኛው እግር

ደብዳቤው ተመለሰ። «በጀት የለም» ይላል በቀይ እስክሪብቶ፣
ማኅተሙ ከዳሩ ፈሶ፣ ቀለሙ ተደፍቶ።
አዲስ አበባን ሁለት ወር ሲያልሙ የከረሙ
አርባ ሰባት ልጆች፣ አምስተኛ «ለ»፣ ቃል ሳይወጣቸው ቆሙ።
ረውዳ ብቻ፣ ለመንገድ የቋጠረችውን ቆሎ
እዚያው ትቆረጥም ጀመር፣ ቶሎ ቶሎ።

ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፦
«ይቅርባቸው። ጅማ ውስጥ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።
መልስ አልነበረኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ከመጽሐፉ ገጾች ያስተማርኩት ሁሉ
በረዶ ነው፣ ባቡር ነው፣ የባሕር ወደብ ነው፤
እነሱም እኔም ያላየነው።

ማክሰኞ ግን፣ ዝናቡ እንዳባራ፣
ሁለት ሁለት አድርጌ አሰለፍኳቸው በተራ፤
መኪና ባይኖርም እግር አለን አልኩኝ፣
ባጃጁን በእጄ እያስቆምኩኝ
ወደ ሙዚየሙ ወረድን።

ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የቆየ እንጨት ይሸታል፤
«መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።
ከገመዱ ወዲያ፣ ብቻውን ተኮፍሶ፣
ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ የሰው ወዝ ለብሶ።
አስጎብኚው ዘመኑን ወደ ኋላ ሲቆጥር
ድምፅ ወጣ ከሰልፉ ዳር፦
«ይሄማ እኛም ቤት አለ!
እማዬ በቆሎ ትፈለፍልበታለች፤
ሌሊት ድመታችን ትተኛበታለች።»

ሳቁ። አርባ ስድስት አፍ።
ሙዘሚል ጣቱን በኪሱ ቀዳዳ ሰደደ፤
ጆሮው እንደ በርበሬ ነደደ።
አስጎብኚው ቆጣ ብሎ፣ «ይሄ ቅርስ ነው፣ ልጄ» አለው፣
ያ የእናቱ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳይነግረው።
ጎንበስ ብዬ ጠየቅኩት፦ «ቤታችሁ ወዴት ነው?»
«ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከወፍጮው ጀርባ ነው።»

ሰልፉን አዞርኩት።
ጭቃው የረውዳን አንድ ነጠላ ጫማ ዋጠው፤
የቀረውን መንገድ በአንድ እግሯ እየዘለለች ጨረሰችው።

አባ ፎጊ ከደጃፍ ናቸው፤
የዋንዛ ግንድ በጉልበታቸው መሀል፣ መሮ በእጃቸው።
ሰልፉን ሲያዩ ደነገጡ፦ «ልጁ ምን አጠፋ?»
«ሊማሩ ነው የመጡት።»
«ከማን?»
«ከእርስዎ።»
ሳቁ። መሳቃቸውን ተዉ። መዳፋቸውን በሱሪያቸው አበሱ፣
ግንዱን ወደ ልጆቹ መለሱ።
ሚስማር የለ፣ ማጣበቂያ የለ፤
እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ የበቀለ።

ረውዳ ናት፣ እንደ ሁልጊዜው፦ «አራተኛው እግርስ? ረስተውት ነው ወይ?»
አባ ፎጊ አልመለሱም። ከጓዳ አንድ የከተማ ወንበር ይዘው ወጡ፣
ባለ አራት እግር፤ ከጉብታው ላይ አስቀመጡ።
«በይ ተቀመጪ።» ተንገዳገደች፤ የቀረው ቆሎ ተበተነ።
በርጩማውን ተኩላት። «አሁንስ?»
እንደ ተተከለ ድንጋይ ሆነ።
«መሬት ልክ አይደለም፣ ልጄ፤ የኛ ደጅማ ጭራሽ።
ሦስት እግር ይስማማል። ጠቡ የሚመጣው
አራተኛውን ስትጨምሪ ነው።
ጉልቻስ እናትሽ ቤት ስንት ነው?»
«ሦስት!» ብለው ጮኹ አርባ ሰባቱም፤
ሙዘሚልም አለበት።

እኔ አጥሩን ተደግፌ ቆሜአለሁ።
«ሦስት ነጥብ አንድ ጠለል ይወስናል» ብዬ
ለስምንተኛዎች ስንቴ በጠመኔ ጽፌአለሁ፣
ስንቴ አስደግሜአለሁ፤
አንድም ቀን ግን ተቀምጬበት አላውቅም።

ፍቅፋቂውን በየደብተራቸው መሀል ሸጎጡ።
ስንመለስ ሙዘሚልን ከፊት አስቀደሙት መንገድ እንዲመራ፣
ሁሉም የሚያውቀውን መንገድ።

ረቡዕ ጠዋት ክፍል ገባሁ። የእኔ ወንበር
እንደ ወትሮው ወደ መስኮቱ ያዘነብል ነበር።
ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ አራት ላይ አጠፍኩት፣
ቀዩን ጽሑፍ ወደ ሲሚንቶው፣ ከአጭሩ እግር ሥር ከተትኩት።
ለጊዜው ቆሟል።
ረውዳ ግን ከዴስኳ ሥር አጎንብሳ ታየዋለች።