ከ«ሀ» እስከ «መ»

አንድ መንገደኛ ነው ጥሎት የወረደ፣
ልባሱ የላላ፣ ዳሩ የነደደ፣
መዝገበ ቃላት ነው፣ በሲባጎ ታስሮ፣
ከ«ረ» ይጀምራል፣ ሀ ለ መን ቀብሮ።

ሩቅያ ጋቢና፣ ከጭኗ ዘርግታ፣
ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ገና ጎሁ ሳይፈታ፣
በየጠመዝማዛው አንድ ቃል ትመዛለች፣
ሐረጎ ጫፍ ስንደርስ ጉንጯን ሞልታለች።

«ቆፈን!» አለችኝ ጣቷን እያሸች፤
«ረብጣ!» ብላ የእንድሪስን ብር አየች።
«ድንግዝግዝ» ስትለኝ፣ ጉም ጦሳን ሸፍኖ፣
መብራት አበራሁኝ፣ ቃሏ ፍሬን ሆኖ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የቀረሁት።
የእኔ ቃላት እነዚህ ናቸው፦
ወራጅ አለ። ጠጋ በሉ። ዝርዝር ያዙ።
ሃያ ዓመት በእነሱ ስመላለስ
የጎደለኝ አልመሰለኝም ነበር።

አንድ ማለዳ ግን፦
«በ‹ሀ› በ‹ለ› በ‹መ› መናገር የሻ ሰው
ምን ይበል አባዬ፣ ገጹን እሳት ከላሰው?»

መልስ አጣሁ። ማርሽ ቀየርኩ።

በማግስቱ ባለ ሠላሳ ሁለት ደብተር
ከወንበሩ ጀርባ በክር አንጠለጠለች።
«ሂሳብ ለእንድሪስ፣ ቃል ለእኔ!» አለች።

ከሌሊት ፈረቃ የወጣች የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ
ዓይኗን ሳትገልጥ ሰጠቻት፦
«ለሆሳስ። ማሽኑ ቆሞ፣ ጆሮ ገና ሳያምን፣
የምናወራው ወሬ።»
ከባቲ የመጣ ሽማግሌ፦ «ሐሩር። እናንተ ደሴዎች
ስሙን እንጂ እሱን አታውቁትም።»
ሙጋድ ጫማ የሚሸጠው፦ «መባቻ።
አከራዬ በር የምታንኳኳበት ቀን።»
«ህዳግ» ያለው ፍርድ ቤት የሚመላለስ ነው፤
ፍቺውን ሳይነግራት ሸዋ በር ወረደ።
አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ዋሸ፤
«ሙልሽቅ» ብሎ ከራሱ ፈጠረ።
ሩቅያ አልተቆጣችም።
ጻፈችው፣ አጠገቡ ጥያቄ ምልክት አቆመች፣
«ማን ያውቃል» አለች፣ «ነገር ይገኝለት ይሆናል።»

ትናንት ማታ እሷ ስትተኛ
ደብተሩን ሰርቄ ገለጥኩ።
እንግዳ እንግዳ ቃል መሃል፣ «መ» ሥር፣
ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ቃል፦ «መሪ»።
ደረቴ ትንሽ ተነፋ።
ፊት የሚሄድ፣ መንገድ የሚያሳይ፣
እኔን ብላ ይሆናል አልኩ።

ፍቺው እንዲህ ይላል፦
«ክብ ነገር። የአባዬ ላብ የማይደርቅበት።
ሐረጎ ላይ ይንቀጠቀጣል።
(ምሳሌ ይፈለግለት።)»

ዛሬ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።